የክልል መንግሥት ለሳይንሳዊ ምርምር ገንዘብ የሚመድበው እንዴት ነው? የአካባቢያችን ጥያቄስ የሚቀርበው ለማን ነው?

ገራዶ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች በአንዱ በሰብል ልማት ባለሙያነት እሠራለሁ። መንግሥታዊ ምርምር በክልል ደረጃ እንዴት እንደሚደራጅና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳኝ እጠይቃለሁ።

ጥያቄውን ያስነሣብኝ የዕለት ሥራዬ ነው። በእኛ ደጋ ኑሮውን በበልግ ዝናብ ላይ የመሠረተ አርሶ አደር ብዙ ነው። ገብሱን በጥርና በየካቲት ዘርቶ በሰኔ ለማጨድ ያስባል፤ በልጉ ሲዘገይበት ወይም ሰብሉ ሳያፈራ ሲቋረጥበት ግን ገብሱን ጠብቆ መኸሩን ያሳልፍ ወይስ ገብሱን ገልብጦ ሌላ ይዝራ የሚለውን የሚወስነው በግምት ነው። የሚጠይቁኝ ነገር ግልጽ ነው፤ ለበልጋችን ተብሎ የተፈተነ፣ ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ አለ ወይ፣ ከሌለስ ማን ያጥናልን ነው የሚሉት። ይህንኑ በጽሑፍ አድርጌ ይመለከታቸዋል ላልኳቸው መሥሪያ ቤቶች አቅርቤ ነበር። አንዱ ጉዳዩ የምርምር ማዕከል ሥራ መሆኑን ገለጸልኝ፤ ሌላው በዘንድሮው ዕቅድ እንዳልተያዘ ነገረኝ፤ ሌላው ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርእስ ስለሆነ ፍላጎት ያለው ተማሪ ሲገኝ እንደሚታይ አስታወቀኝ። ሁሉም የተናገሩት እውነት ይመስለኛል፤ ነገር ግን ጥያቄውን ተረክቦ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር አካል አላገኘሁም።

በአካባቢያችን ተቋም የለም ማለት አይቻልም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከነኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ አለ፤ በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ፣ ደሴ ላይ ደግሞ የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ አለ። እንዲህ ከሆነ አንድ የአካባቢ ችግር ወደ ምርምር ርእስነት የሚለወጠው በማን ውሳኔና በየትኛው ገንዘብ ነው? ክልል ለምርምር በጀት የመመደብ ግዴታ በሕግ አለበት ወይስ ፈቃዱ ነው? በሌሎች አገሮችስ ክልላዊ መንግሥታት ይህን የሚያከናውኑት እንዴት ነው?

ጦሳ (ደሴ)፦

ጥያቄዎ መልስ የሚገባው ነው። በዕቅድና በፋይናንስ ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለቆየሁ የማውቀውን ከሕጉ ጀምሬ ልግለጽ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 3 የጤና፣ የትምህርትና የሳይንስና ቴክኖሎጂ አገር አቀፍ መመዘኛዎችንና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያዎችን የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች የራሳቸውን የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የልማት ፖሊሲ፣ ስትራቴጂና ዕቅድ እንዲያወጡና እንዲያስፈጽሙ ይፈቅዳል። ምርምር በስሙ ተጠርቶ ለክልል አልተሰጠም፤ ከክልልም አልተነፈገም። ክልሎች የምርምር ተቋም የሚያቋቁሙት በዚህ መሠረት ነው። ነገር ግን አንቀጽ 94 ሁለቱም የመንግሥት እርከኖች በሕግ የተሰጧቸውን ተግባራት የሚያከናውኑበትን ወጪ በየበኩላቸው እንዲሸፍኑ ስለሚያዝ፣ ክልሉ ያቋቋመውን ተቋም ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ የሚከፍለው ክልሉ ራሱ ነው። የገንዘቡ ዋና ምንጭም ሁለት ነው፦ አንደኛው ክልሉ የሚሰበስበው ገቢ ሲሆን ሌላው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር የሚከፋፈለው የፌዴራል ድጎማ ነው። ድጎማው በጥቅል የሚሰጥ በመሆኑ ይህን ያህሉ ለምርምር ይዋል የሚል ትእዛዝ ተያይዞበት አይመጣም፤ ስለዚህ ምርምር ከመንገድ፣ ከውኃ፣ ከጤናና ከትምህርት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይከራከራል ማለት ነው።

የግብርና ምርምር ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። በ1966 እ.ኤ.አ. የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም አገሪቱን በሙሉ የሚያገለግል አንድ ማዕከላዊ ተቋም ነበር። የፌዴራል ሥርዓቱ ከመጣ በኋላ ማዕከሎቹ ተከፋፈሉ፤ አንዳንዶቹ በፌዴራል ሥር ሲቀሩ ሌሎቹ ወደ ክልሎች ተላለፉ። የአማራ ክልል የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በ2000 እ.ኤ.አ. መቀመጫውን ባሕር ዳር አድርጎ ተቋቋመ፤ አዴት፣ ስሪንቃ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሰቆጣ፣ ጎንደርና አንዳሳ ያሉት ማዕከላት በሥሩ ናቸው። ኦሮሚያ፣ ትግራይና የቀድሞው ደቡብ ክልልም በተመሳሳይ መንገድ የየራሳቸውን ኢንስቲትዩት አቋቁመዋል።

ዩኒቨርሲቲው ግን ሌላ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በክልሉ መሬት ላይ ቢሆንም የፌዴራል ተቋም ስለሆነ በጀቱ የሚጸድቀው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልሉ ይህን አጥናልኝ ብሎ ሊጠይቀው ይችላል እንጂ ሊያዘው አይችልም። ስለዚህ እርስዎ ያንኳኳቸው በሮች በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ቢመስሉም ባለቤቶቻቸው የተለያዩ ናቸው።

ወረዳዎችን በተመለከተ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ክልላችን ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ይሰጣል። ወረዳው ግን ከዚያ ላይ የመምህራንን፣ የጤና ባለሙያዎችንና የልማት ሠራተኞችን ደመወዝ ከከፈለ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ምርምር የማዘዝ ልማድም የበጀት ርእስም የለውም። ችግሩን በቅርብ የሚያየው የመንግሥት እርከን ጥናቱን ሊያዝዝበት የሚችል ገንዘብ በእጁ የለም፤ ገንዘቡ ያለበት እርከን ደግሞ ችግሩን የሚሰማው በሪፖርት ነው። በእኔ እምነት ደብዳቤዎ ያለ ባለቤት የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጃሪ (ኮምቦልቻ)፦

እኔ የሰብል ተመራማሪ ነኝ። ጦሳ ያብራሩት አደረጃጀት ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ ማሳ ላይ ስንወርድ ይህ አደረጃጀት ምን እንደሚያስከትል ልጨምር።

በመጀመሪያ የገራዶን የበልግ ገብስ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በአገራችን እያንዳንዱ ዋና ሰብል አገር አቀፍ አስተባባሪ ማዕከል አለው፤ የጤፉ ደብረ ዘይት፣ የስንዴው ቁሉምሳ፣ የማሽላው መልካሳ፣ የበቆሎው ባኮ፣ የገብሱ ደግሞ ሆለታ ነው። የክልል ማዕከላት ከእነዚህ የሚመጡትን የዘር ስብስቦች በየሥነ ምኅዳራቸው ይፈትናሉ፤ የራሳቸውንም የማዳቀልና የመምረጥ ሥራ ይሠራሉ። ይህ የሥራ ክፍፍል ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ክልል ሁሉንም ሰብል ከመነሻው ለማሻሻል አቅም የለውም። ጉድለቱ የሚታየው አንድ ችግር የአንድ አካባቢ ብቻ ሲሆን ነው። በልግ ለአገር አቀፉ መርሐ ግብር ከብዙ ርእሶች አንዱ ሲሆን ለወሎ ደጋ ግን የዓመቱ ግማሽ ኑሮ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሊሸከም የሚገባው የክልሉ ገንዘብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የክልል ምርምር ያስፈለገበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጊዜ ነው፤ ይህን ከሁሉም በላይ እንድታስቡበት እለምናለሁ። አንድ ዝርያ ከማዳቀል ተነሥቶ፣ በተለያዩ ቦታዎችና ዓመታት ተፈትኖ፣ በአጽዳቂ ኮሚቴ ታይቶ እስኪለቀቅ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚያም በኋላ ለአርሶ አደሩ የሚዳረሰው ዘር መነሻ የሚሆነውን መሥራች ዘር ማባዛት አለ። በጀት ግን የሚፈቀደው ለአንድ ዓመት ነው፤ ያውም ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ ዓመት። አሁን የበልጉን ቀን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የበልግ ገብስ የሚታጨድበት፣ ምርቱ የሚመዘንበትና መረጃው የሚሰበሰብበት ሰኔ ሒሳብ የሚዘጋበት ወር ነው። የመኸሩ ሙከራ የሚዘራበት ሐምሌም በጀቱ ገና ጸድቆ ወደየተቋሙ የሚወርድበት ወር ነው። የቀን ሠራተኛ አበል፣ ነዳጅና ማዳበሪያ ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልጉበት ሳምንት ግምጃ ቤቱ ዝግ ይሆናል። ዘር ደግሞ የመክፈቻ ደብዳቤ አይጠብቅም፤ አንድ የዘር ወቅት ካመለጠ የተበላሸው አንድ ወር ሳይሆን ሙሉ ዓመት ነው። የተመደበው ብር ሳይጨመር እንኳ የሚለቀቅበት ቀን ብቻ ቢስተካከል ብዙ ሙከራ ይተርፋል።

ሦስተኛው የዕርዳታ ገንዘብ ነው። የክልል በጀት በዋናነት ደመወዝንና የዕለት ሥራ ማስኬጃን ስለሚሸፍን፣ የሙከራውን ወጪ፣ መሣሪያውንና ሥልጠናውን ለብዙ ዓመታት የደገፉት ከዓለም ባንክና ከሌሎች ለጋሾች የመጡ ፕሮጀክቶች ናቸው። ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ፕሮጀክት ግን ማብቂያ አለው፤ ርእሱንም አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ገንዘቡን ያመጣው ነው።

እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ አጠገብ የማይባርን ጣቢያ የምታውቁ ትኖራላችሁ። በ1981 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲና በግብርና ሚኒስቴር ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር መርሐ ግብር ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዱ እርሱ ነበር፤ በኋላ አንዲት ጥድ፣ አንጀኒና ሌሎችም ተከተሉት። በትንሽ ተፋሰስ ላይ የሚዘንበውን ዝናብ፣ የሚወርደውን ጎርፍና ጎርፉ ተሸክሞት የሚሄደውን አፈር በየጊዜው ይለካ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ደጋ የአፈር መሸርሸር በዓለም ላይ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ የእነዚህ ጣቢያዎች መረጃ ዛሬም ይጠቀሳል። የስዊዘርላንድ ድጋፍ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ጣቢያዎቹ ወደ ክልል አካላት ተላለፉ፤ ቆየት ብሎም በ2011 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተቋቋመው የውኃና የመሬት ሀብት ማዕከል እንደገና ደግፎ አነቃቃቸው። የዚህ ዓይነቱ ጣቢያ ዋጋ ያለው በመለኪያው ሳይሆን ሳይቋረጥ በተመዘገበው ተከታታይ መረጃ ነው። መካከሉ ከጎደለ በኋላ በምንም ገንዘብ ሊሞላ አይችልም፤ ያለፈ ዓመት ዝናብ ተመልሶ አይለካም። ለአንድ ጠባቂና ለአንድ መዝጋቢ የሚከፈል ደመወዝ ከክልል በጀት ላይ ትንሽ ነው፤ ይህን ትንሽ ክፍያ በየዓመቱ ያለ ክርክር የሚያስቀጥል ሕጋዊ ግዴታ ግን ያስፈልጋል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎ ውስጥ ባሉ የምርምርና የትምህርት ተቋማት ላይ የደረሰውን ውድመት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሕንፃና ወንበር በገንዘብ ይተካሉ። ለዓመታት ሲመረጥ የቆየ የዘር ስብስብ ግን ቅጂው በሌላ ቦታ ካልተቀመጠ ጨርሶ አይተካም፤ ስለዚህ ቅጂ ማስቀመጥም ራሱን የቻለ የበጀት ርእስ ሊኖረው ይገባል።

ጢጣ (ደሴ)፦

በዩኒቨርሲቲ መምህርነት እሠራለሁ። ገራዶ በመጨረሻ ስለ ሌሎች አገሮች የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ፤ ነገር ግን ከእነዚህ የትኛውም ለእኛ እንዳለ ይገለበጣል ማለቴ አይደለም።

ጀርመን እንደ እኛ ፌዴራላዊ ናት። ክልሎቿ በ1949 እ.ኤ.አ. በኮኒግሽታይን ከተማ ተስማምተው ትልልቅ የምርምር ተቋማትን በጋራ ለመደገፍ ወሰኑ። የየክልሉ ድርሻ የሚሰላበት ቀመርም በስምምነቱ ስም ይጠራል፤ ሁለት ሦስተኛው በታክስ ገቢ፣ አንድ ሦስተኛው በሕዝብ ብዛት ይወሰናል። ዛሬ ማክስ ፕላንክ ማኅበር የተባለውን የምርምር ተቋም መደበኛ በጀት ፌዴራል መንግሥቱና ክልሎቹ እኩል በእኩል ይከፍላሉ፤ ሄልምሆልትዝ ለተባሉት የምርምር ማዕከላት ግን ፌዴራሉ 90 በመቶ፣ ማዕከሉ የሚገኝበት ክልል 10 በመቶ ይከፍላል። ትምህርት የሚሆነን የመቶኛው ልክ አይደለም። እያንዳንዱ ወገን ምን ያህል እንደሚከፍል አስቀድሞ በጽሑፍ ስለተወሰነ ተቋሙ በየዓመቱ እየዞረ አይለምንም።

ሁለተኛው የብራዚሉ የሳኦ ፓውሎ ክልል ነው። ፋፔስፕ የተባለው የክልሉ የምርምር ድጋፍ ተቋም በ1962 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ በ1989ኙ የክልሉ ሕገ መንግሥት መሠረትም ከክልሉ የታክስ ገቢ 1 በመቶ በቀጥታ ይደርሰዋል። ለአስተዳደር ከ5 በመቶ በላይ ማውጣት አይፈቀድለትም። ገንዘቡ የሚሰጠው ለተቋም ድርሻ ተብሎ አይደለም፤ ተመራማሪው ያቀረበው ሐሳብ በሙያ አቻዎቹ ተገምግሞ ሲያልፍ ነው። በዚህም ምክንያት ተቋሙ የፌዴራልም ይሁን የክልል፣ ተመራማሪው ስለ ክልሉ ችግር ሊወዳደር ይችላል። ጦሳ የገለጹት የባለቤትነት መከፋፈል ለእኛ ትልቅ እንቅፋት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ የክልል ፈንድ ቢኖር ወሎ ዩኒቨርሲቲና ስሪንቃ በአንድ ርእስ ላይ በጋራ ሊያመለክቱ ይችሉ ነበር። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመርጠው ይህን ነው።

የአሜሪካው ደግሞ የቆየ ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. የወጣው የሃች አዋጅ ለእያንዳንዱ ክልል የግብርና ሙከራ ጣቢያ በዓመት 15,000 ዶላር ሰጠ። በኋላ በተደረገው ማሻሻያ ክልሉ የፌዴራሉን ያህል ከራሱ እንዲጨምር ተደነገገ። ክልሉ ከኪሱ ስለሚያወጣ ጣቢያው ምን እየሠራ እንደሆነ ይከታተላል።

የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምርና ሥርጸት ለማዋል ግብ ይዘዋል፤ ይህ ግብ ግን በክልሎች ምክር ቤት የበጀት ሰነድ ላይ ቁጥር ሆኖ እስካልወረደ ድረስ ለገራዶ አርሶ አደሮች የሚደርስ ነገር የለውም።

ሆጤ (ደሴ)፦

በጤና ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ከጢጣ ሐሳብ ጋር የማልስማማበት አንድ ነጥብ አለ። ጦርነት ባለፈበትና ብዙ ጤና ኬላና ትምህርት ቤት እድሳት በሚጠብቅበት ክልል ከገቢው ላይ የተወሰነ መቶኛ በሕግ ለምርምር ማሰር ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ገንዘቡ በሚያንስበት ዓመት የሚቆረጠው ሌላ አስፈላጊ አገልግሎት ስለሚሆን ነው። ከዚያ ይልቅ አሁን ያሉት ላቦራቶሪዎች ለምርመራ አገልግሎት የሚሰበስቡትን መረጃ ለምርምር እንዲያውሉት ማድረግ በትንሽ ወጪ ይቻላል። ለምሳሌ የቦርከናን ወንዝ እንውሰድ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚወጣ ፍሳሽ የሚገባበት፣ ወርዶም ከአዋሽ የሚቀላቀል ወንዝ ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሚደርስባቸው ገባር ወንዞች ላይ ከባድ ብረቶችን የለኩ ጥናቶች ታትመዋል፤ አብዛኛዎቹ ግን የዲግሪ ማሟያ ስለሆኑ ተማሪው ሲመረቅ ልኬቱም ያበቃል። በየወሩ ከተመሳሳይ ቦታ ናሙና ወስዶ መመዝገብ ውድድርና ፈንድ አያስፈልገውም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ዝርዝር ውስጥ መግባት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ጢጣ (ደሴ)፦

ስለ ቦርከና የተናገሩት ይገባኛል፤ መደበኛ ክትትል የተቋም ግዴታ እንጂ የውድድር ርእስ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን ከከባድ ብረቶቹ አንዱ የሆነው ክሮሚየም በወንዙ ውስጥ እንዳለ መለካትና ወደ ጓሮ አትክልት፣ ከዚያም ወደ ሰው ምን ያህል እንደሚደርስ ማጥናት ይለያያሉ። ሁለተኛው የኬሚስትሪ፣ የአፈርና የጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ይጠይቃል፤ እነዚህ ደግሞ በሦስት የተለያዩ ተቋማት ውስጥ ናቸው። የጋራ ገንዘብ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። መቶኛው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ክልሉ ችግር በገጠመው ዓመት ዝቅ የሚልበት ወለልም በአዋጁ ሊጻፍ ይችላል።

ገራዶ (ደሴ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከመልሶቻችሁ ተነሥቼ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ልጨምር። የክልል ፈንድ እስኪቋቋም ድረስ አርሶ አደሮቹን ጠብቁ ማለት አልችልም። አሁን ባለው አሠራር የበልግ ገብስ ጉዳይ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ምን ላድርግ? ጥያቄውንስ በማን ስም ላቅርብ?

ጃሪ (ኮምቦልቻ)፦

በግልዎ ስም አያቅርቡት። የምርምር ማዕከላት በየዓመቱ የምርምር ሐሳቦችን የሚገመግሙበት መድረክ አላቸው፤ እዚያ ክብደት የሚያገኘው የአንድ ባለሙያ ደብዳቤ ሳይሆን የበርካታ ወረዳዎች የጋራ ጥያቄ ነው። በልግ አብቃይ የሆኑት ጎረቤት ወረዳዎች የግብርና ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ሰነድ ላይ ይፈርሙ፤ የዞኑ ግብርና መምሪያም በሸኚ ደብዳቤ ይላከው። በሰነዱ ውስጥ ስንት ሄክታር በበልግ እንደሚሸፈን፣ ያለፉት ዓመታት ዝናብ መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ፣ አርሶ አደሩ አሁን የትኛውን የአካባቢ ዝርያ እንደሚዘራና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይጻፍ። የአካባቢውን ዝርያ ናሙና ከእያንዳንዱ ቀበሌ በጥቂቱ ሰብስበው በስም ቢያስቀምጡልን ደግሞ ሥራውን ግማሽ ዓመት ያቀልልናል፤ በመጀመሪያው ዓመት ሙከራ ውስጥ እንደ ማነጻጸሪያ የምንጠቀመው እርሱን ነውና።

ጦሳ (ደሴ)፦

በዚህ ላይ የቀኑን ጉዳይ ልጨምር። የሐምሌው በጀት የሚሠራው በሐምሌ አይደለም፤ የበጀት ጥሪ የሚተላለፈውና መሥሪያ ቤቶች ፍላጎታቸውን የሚያቀርቡት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ሰነዱ ከጥሪው በፊት ማዕከሉ ጋር መድረስ አለበት፤ ግልባጩም ከደቡብ ወሎ ለክልሉ ምክር ቤት ለተመረጡት አባላትና ለምክር ቤቱ የግብርና ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ይድረስ። በጀቱ ሲቀርብ የምክር ቤት አባል የበልግ ሙከራ በየትኛው ርእስ ተይዟል ብሎ መጠየቅ የሚችለው ጉዳዩን አስቀድሞ ካወቀ ብቻ ነው። ሰነዱን ስታዘጋጁ የወጪውን ሠንጠረዥ በመሥራት ልረዳችሁ ፈቃደኛ ነኝ፤ በተለይ በሰኔና በሐምሌ የሚያስፈልገው ክፍያ ለብቻው ተለይቶ እንዲታይ አድርገን እናቀርበዋለን።